ሃያ ሦስት ቀን በአራዳ

ወር በገባ በሃያ ሦስተኛው ቀን ማለዳ ፒያሳ የደረሰ ሰው መንገዱ ስለምን እንደተጨናነቀ አይጠይቅም። ጊዮርጊስ ነው። ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች፣ ጧፍና ዕጣን የሚቸረችሩ ልጆች፣ አጥሩን ተደግፈው በሰማዕቱ ስም የሚለምኑ ነዳያን፣ ደጁን ተሳልሞ ወደ ሥራው የሚጣደፍ የቢሮ ሠራተኛ፣ ሁሉም እዚያው ይጋፋሉ። ከዛፎቹ መሃል ብቅ ያለው ግራጫ ሕንፃ ግን ኮስተር እንዳለ ነው፤ ከውጭ ላየው ሰው እዩኝ እዩኝ አይልም። እኔም ለብዙ ዓመታት ተሳልሜ አልፍ ነበር እንጂ ቀና ብዬ አላየሁትም። አንድ ቀን ታክሲ ጠፍቶ ስቆም ጎኖቹን ቆጠርኩ። ስምንት ናቸው። ክብም አይደለም፣ አራት ማዕዘንም አይደለም። ከዚያ ወዲህ ነው የዚህን ደብር ነገር መከታተል የጀመርኩት።

ነገሩ የሚጀምረው ከተራራው ላይ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እንጦጦ ማርያም ነበር። በዚያን ጊዜ ከታች ፍልውሃ አጠገብ የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ገና የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። እንጦጦ ብርድ ነው፣ እንጨቱም እያለቀ ሄደ፤ መኳንንቱም ወታደሩም ድንኳኑን እየነቀለ ወደ ታች ወረደ። አዲሲቷ ከተማ በሁለት ጉብታዎች ዙሪያ ሰፈረች። በአንደኛው ላይ ግቢ፣ በሌላኛው ላይ አራዳ፣ የዛሬው ፒያሳ። ግቢው የንጉሡ ነው፤ አራዳ የሕዝቡ። እህሉ፣ ቅቤው፣ ማሩ፣ በቅሎው፣ አሞሌ ጨዉ እዚያ ይሸጣል፤ ማርትሬዛው እዚያ ይቆጠራል፤ ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ እዚያ ይነገራል፤ ሞት የተፈረደበትም እዚያው ገበያ መሃል ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ዛሬ ነቃ ያለውን፣ የከተማን መውጫና መግቢያ የሚያውቀውን ሰው «አራዳ» የምንለው ከዚሁ ገበያ ወርሰን ነው። የጊዮርጊስ ደብር የቆመው በዚህ ሁሉ ጫጫታ ራስጌ ነው።

ከዚያ 1888 መጣ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ከሠራዊቱ ጋር ወደ ሰሜን ወጣ። የአድዋ ጦርነት የሆነው እሑድ የካቲት 23 ቀን ነው። የኢጣሊያው የጄኔራል ባራቲዬሪ ጦር በሌሊት ሲጓዝ መንገዱን ስቶ ተበታተነ፤ አንደኛው ክፍል ከሌላው ርቆ ብቻውን ቀረ። ንጋት ላይ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌ ጣይቱ ቅዳሴ ላይ ሳሉ ነበር ወሬው የደረሳቸው ይባላል። ቀኑ ሳይመሽ ነገሩ አለቀ። ቀኑ የጊዮርጊስ ስለነበር ታሪኩን የተረከ ወታደር ሁሉ የሰማዕቱን ነጭ ፈረስ ያየ መሰለው። እንዲህ ያለውን ትረካ ታሪክ ጸሐፊ በሰነድ አያረጋግጠውም፤ የሚረጋገጠው ግን ያ ወታደር ሲመለስ ለሰማዕቱ ትልቅ ዕዳ እንዳለበት አምኖ መመለሱ ነው። ንጉሡም እንዲሁ። ስለዚህ የድሉ ስጦታ በአራዳ ላይ ድንጋይ ሆኖ እንዲቆም ተወሰነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሳት አለብኝ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ስለሰማነው። ይህን ካቴድራል የአድዋ ምርኮኞች ሠሩት ይባላል። የሚያረካ ወሬ ነው፤ ሊወጋ የመጣ ሰው ድንጋይ ሲሸከም ማሰብ ደስ ይላል። ቀኖቹ ግን አይገጥሙም። የሰላም ውሉ አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በኋላ ምርኮኞቹ ወደ አገራቸው ተሸኙ። የዛሬው ካቴድራል ሥራ የተጀመረው ደግሞ በ1898 ዓ.ም. ገደማ ነው። በመካከሉ ስምንትና ዘጠኝ ዓመት አለ። እውነት የሆነው ነገር ከወሬው ያነሰ፣ ግን በእኔ ዘንድ ይበልጥ የሚገርም ነው። በአድዋ ዘመቻ ከኢጣሊያ ጦር ጋር መጥቶ ወደ አገሩ ሳይመለስ ኢትዮጵያ የቀረ ሴባስቲያኖ ካስታኛ የሚባል ሰው ነበር። የድሉን መታሰቢያ የመሥራት ኃላፊነት የተሰጠው ለእሱ ነው። ንድፉን ያወጣው ኦርፋኒዲስ የተባለ ግሪካዊ እንደሆነ ይነገራል። ግሪኮች፣ አርመኖችና ሕንዶችም በሥራው ላይ እጃቸውን አሳርፈዋል። ያ ዘመን እንዲህ ነበር፤ የምኒልክ ከተማ አናጢዋም ግንበኛዋም ከየአገሩ የተለቃቀመ ነው።

ሥራው እንዴት እንደነበር ለመገመት የዘመኑን መንገድ ማሰብ ይበቃል። የጅቡቲው ባቡር ድሬዳዋ ላይ ቆሟል፤ አዲስ አበባ የገባው ካቴድራሉ ካለቀ ከዓመታት በኋላ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ ብረትም ሆነ መስታወት ድሬዳዋ ላይ ከባቡር ይወርድና በግመልና በበቅሎ ጀርባ ቆላውንና ደጋውን አቋርጦ ይመጣል። በእነዚያው ዓመታት አራዳ ራሷ መልኳን እየቀየረች ነበር። የአቢሲኒያ ባንክ ተከፈተ፣ የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ቆመ፤ ገበያተኛው ማርትሬዛውን በከረጢት ተሸክሞ ባንክ ቤት ደጅ ላይ ሲቆም፣ ካቴድራሉ ከበላዩ አንድ ረድፍ፣ ሁለት ረድፍ እያለ ያድጋል።

ያሠራው ሰው ግን ሲያልቅ በጤና አላየውም። ምኒልክ ሕመሙ እየጠናባቸው ሄዶ በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ክፉኛ ወደቁ፤ መናገርም መራመድም ተሳናቸው። እቴጌይቱ አገሩን በእጃቸው ሊያደርጉ ሲሞክሩ በመጋቢት 1902 መኳንንቱ ከሥልጣን አገለሏቸው። የአልጋ ወራሹ የልጅ ኢያሱ ሞግዚት ሆነው እንደራሴ የተባሉት ራስ ተሰማም በሚያዝያ 1903 ሞቱ። ካቴድራሉ የተጠናቀቀው በዚሁ በ1903 ዓ.ም. ነው። ግቢው ውስጥ የታመመ ንጉሥ፣ አልጋው ላይ ዘውድ ያልጫነ ልጅ፣ አራዳ ላይ አዲስ ካቴድራል። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉም ሞታቸው ለሕዝብ ሳይነገር ቆየ።

አሁን ወደ ስምንቱ ጎኖች እንመለስ። የሸዋ፣ የጎጃምና የጎንደር አገር ቤት ቤተ ክርስቲያን ክብ ነው፤ እንደ ጎጆ። ግድግዳው እንጨትና ጭቃ ወይም ድንጋይ፣ ጣሪያው ሣር፣ ጫፉ ላይ የሰጎን እንቁላል የተሰካበት ጉልላት። ውስጡ ሦስት ነው፤ በውጭው ዙሪያ መዘምራኑ የሚቆሙበት ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ ከመሃል ታቦቱ ያለበት መቅደስ። ምእመኑ መቅደሱን ከፊት ለፊቱ ብቻ አያየውም፤ ይዞረዋል። ሥዕሎቹም የሚሣሉት በዚያ በመቅደሱ ውጫዊ ግድግዳ ላይ ነው፤ እየዞረ እንዲያነባቸው። አሁን ይህን ቤት ከአውሮፓ ለመጣ ሰው በተጠረበ ድንጋይ ሥራልኝ በለው። ክብ ግድግዳ በድንጋይ ማቆም ፈተና ነው፤ እያንዳንዱ ድንጋይ በልኩ ጎበጥ ተደርጎ መጠረብ አለበት። ክቡን ስምንት ቦታ ቆርጠህ ብታቃናው ግን ሁሉም ገጽ ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ቤቱም ክብነቱን አይረሳም። መዞሩ አለ፣ መቅደሱ መሃል አለ፣ ሦስቱ ክፍሎች አሉ። እንጦጦ ማርያምም እንጦጦ ራጉኤልም ስምንት ጎን ናቸውና ሐሳቡ በአራዳ አልተፈጠረም፤ በአራዳ ያደረገው ነገር ቢኖር የአውሮፓን ልብስ መልበስ ነው።

ልብሱ እንግዲህ ያ ግራጫ ድንጋይ ነው። ቅስት መስኮቶች፣ የተመጣጠኑ ገጾች፣ የሮምንና የግሪክን ጥንታዊ ሕንፃ እያሰበ የሚሠራ የዚያ ዘመን አውሮፓዊ ቁጥብነት። አንዳንድ ሰው ከውጭ ሲያየው ባንክ ወይም ፍርድ ቤት ይመስላል ይላል። አልፈርድበትም። እኔ ግን ያ ኮስታራነት ከአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም፤ ከአድዋ በኋላ ነገሥታቱና ሚኒስትሮቹ ለአውሮፓ ሊያሳዩት የፈለጉት ፊት ይህ ነው። ውስጡ ሲገባ ግን ቤቱ የራሱን ቋንቋ ይናገራል። ጣሪያው በከፊል ሰማያዊ ነው፤ በላዩ ወርቃማ ከዋክብት ተበትነውበታል። ከደጅ ብርሃን የገባ ዓይን መጀመሪያ የሚያየው ጨለማውን ነው፤ ትንሽ ሲቆይ ከዋክብቱ ይወጣሉ።

ካቴድራሉ ለመንግሥት ሥራ የተፈለገው ብዙ ሳይቆይ ነው። በመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን መሻራቸው ታወጀ። በወሩ ሰገሌ ላይ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ተሸነፉ። የካቲት 4 ቀን ደግሞ የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ በአቡነ ማቴዎስ እጅ ተቀብተው፣ አባታቸው ባሠሩት ቤት ውስጥ ንግሥተ ነገሥታት ተባሉ፤ የራስ መኰንን ልጅ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ። ሴት በራሷ ስም ዘውድ ስትጭን ያየው የመጀመሪያው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ይኸው ነው ለማለት እደፍራለሁ። እንጦጦ ማርያም የምኒልክ ነበረች፤ አራዳ ጊዮርጊስ የልጃቸው ሆነ።

ዘውዲቱ መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም. አረፉ። ተፈሪም ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ የሚጭኑበትን ቀን መረጡ፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም.። ቀኑ እሑድ፣ የወሩም ጊዮርጊስ ነው። እንዲህ ያለውን አሰላለፍ ቤተ መንግሥቱ ሳያስብበት የወሰነው አይመስለኝም፤ አድዋም እሑድ ነበር፣ አድዋም ሃያ ሦስት ነበር። በዋዜማው ከካቴድራሉ ፊት ለፊት በፈረስ ላይ የተቀመጠው የምኒልክ ሐውልት ተመረቀ፤ የቀራጺው እጅ የጀርመናዊ ነው። ምኒልክ በነሐስ ሆነው ደጁ ላይ ቆሙ፤ አዲሱ ንጉሥ በፊታቸው አልፎ ገባ።

የዚያን ሌሊት ነገር ብዙ ሰው ጽፎታል። ንጉሡና እቴጌ መነን ሌሊቱን በካቴድራሉ ውስጥ በጸሎት አሳለፉ፤ ካህናቱ ያሸበሽባሉ፣ ከበሮው ይመታል። የመጣው እንግዳ በቤቱ የሚበቃ ስላልነበር ከሕንፃው ጋር ተያይዞ ሰፊ አዳራሽ ተዘጋጀ። የእንግሊዝ ንጉሥ ልጅ የግሎስተር መስፍን፣ ከፈረንሳይ ማርሻል ፍራንሼ ዴስፔሬ፣ ከኢጣሊያም የኡዲኔ ልዑል ነበሩ። አቡነ ቄርሎስ እየቀቡ ሰይፉን፣ በትረ መንግሥቱን፣ ሉሉን፣ ቀለበቱን፣ ጦሮቹን አስረከቡ፤ በመጨረሻም ዘውዱን ጫኑ። እቴጌይቱም ያንኑ ዕለት ዘውድ ጫኑ፤ በቀደመው ልማድ ግን የእቴጌ ዘውድ በሌላ ቀን፣ በግቢ ውስጥ ነበር። አልጋ ወራሹ አስፋ ወሰን ተንበርክኮ ለአባቱ ታማኝነቱን ገለጸ። ከእንግዶቹ መሃል የአዲስ አበባው ልጅ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነበር፤ አባቱ የእንግሊዝ ሚኒስትር ሆነው ሳሉ እዚሁ በ1902 ዓ.ም. የተወለደ፣ በኋላ የበረሃ ተጓዥ ሆኖ ስሙ የወጣ ሰው ነው። ከጋዜጠኞቹ መሃል ደግሞ ኢቭሊን ዎ። ቴሲጀር በአድናቆት፣ ዎ በፌዝ ነበር የተመለከቱት። በአንድ ቤት ውስጥ ተቀምጠው የተለያየ ነገር አይተው ወጡ።

ወሬው የወጣበት መንገድ ማንም ያሰበው አልነበረም። የዘውዱ ሥዕል በመጽሔቶች ላይ ወጥቶ ባሕር ተሻገረ፤ ጃማይካ ደረሰ። እዚያ ሊዮናርድ ሃዌል የሚባል ሰው በ1925 ዓ.ም. አካባቢ የንጉሡን ፎቶግራፍ ይዞ መስበክ ጀመረ፤ ራስ ተፈሪያን የሚባለው እምነት እንዲህ እያለ በቀለ። ዛሬም ድሬድ ያጎፈሩ መንገደኞች ወደዚህ ደጅ መጥተው ሲቆሙ ይታያሉ። ጎረቤቱ የአራዳ ልጅ በመገረም ያያቸዋል፤ እነሱ ግን ወደ መጀመሪያው ቦታ እንደመጡ ያውቃሉ።

ሰማዕቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭም ስሙን ሰጥቷል። በ1928 ዓ.ም. የሰፈሩ ወጣቶች ኳስ ቡድን አቋቁመው ጊዮርጊስ አሉት። ቡድኑ ገና ከመቆሙ ግን ከተማዋ በሌላ እጅ ገባች።

የኢጣሊያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ አራዳ ላይ ያገኘው ነገር ምን እንደነበር አስቡት። በአንድ አደባባይ ላይ የአድዋው ንጉሥ በፈረስ ተቀምጧል፤ ከኋላው የአድዋው ሰማዕት ቤት ቆሟል። አርባ ዓመት ሙሉ የተሸከሙትን ውርደት በነሐስና በድንጋይ አዩት። ሐውልቱ ተነቅሎ ተቀበረ። ገበያውም ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ተወሰደ፤ መርካቶ የምንለው ያ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አርበኞቹን አላወግዝም ያሉት አቡነ ጴጥሮስ በዚሁ አካባቢ ሕዝብ እያየ በጥይት ተገደሉ።

ካቴድራሉ ግን ገና ተራው አልደረሰም። የደረሰው በየካቲት 1929 ነው። የካቲት 12 ቀን ዓርብ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በሆነው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የኢጣሊያ አልጋ ወራሽ ልጅ ተወለደለት ተብሎ ለድሆች ምጽዋት ይታደል ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በኢጣሊያው እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከተማዋ እስከ ዛሬ በአንድ ቃል ብቻ ትጠራዋለች፤ የካቲት 12። በከተማዋ የፋሽስት ፓርቲ ኃላፊ የነበረው ጉይዶ ኮርቴዜ ሰዎቹን ለቀቃቸው፤ ሦስት ቀን ጎጆ በቤንዚን ነደደ፣ ሰው በአካፋና በዱላ ተቀጠቀጠ። ኢትዮጵያ ከጦርነቱ በኋላ ያቀረበችው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው፤ ኢያን ካምቤል የተባለው የዘመናችን ተመራማሪ 19,000 ገደማ ይላል።

በእነዚያ ሦስት ቀናት ውስጥ አራዳ ጊዮርጊስ ተቃጠለ። ይህን የመሰከሩት ኢትዮጵያውያን ብቻ አይደሉም። በቦታው የነበሩ ኢጣሊያኖችም እሳቱ በኮርቴዜ ትእዛዝ፣ እሱ ራሱ ቆሞ እያየ እንደተለኮሰ ተናግረዋል። ቦምቡ የተወረወረው ስድስት ኪሎ ነው፤ ጊዮርጊስ ያለው አራዳ። ከካቴድራሉ የወጣ ጥይትም ወርዋሪም የለም። የተቃጠለው በስሙ ነው ከማለት ሌላ ምክንያት አላገኝለትም፤ የካቲትም የአድዋ ወር ነው። በመጨረሻው ያተረፈው ያ የምንነቅፈው ኮስታራ ድንጋይ ሆነ፤ እንጨቱና የውስጡ ጌጥ ሲነድ ግድግዳው ቆሞ ቀረ። በካስታኛ እጅ የቆመውን ግንብ የካስታኛ አገር ሰዎች ሊያፈርሱት አልቻሉም።

ንጉሠ ነገሥቱ አገሪቱን ጥለው በወጡ በአምስት ዓመታቸው፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ተመለሱ። ሐውልቱ ከተቀበረበት ወጥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ለአቡነ ጴጥሮስም ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ሐውልት ቆመላቸው። ካቴድራሉም ታደሰ፤ ከሁሉ የበለጠው እድሳት የመጣው ግን ከአሥር ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በአንድ ወጣት ብሩሽ ነው።

አፈወርቅ ተክሌ አንኮበር ላይ በ1925 ዓ.ም. ተወለደ፤ ካቴድራሉ ሲቃጠል አምስት ዓመት እንኳ አልሞላውም። መንግሥት ወደ እንግሊዝ አገር የላከው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ነበር። እሱ ግን ወደ ሥዕል አዘነበለ፤ በመጨረሻም ለንደን በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማረ። ሲመለስ ከተሰጡት ትልልቅ ሥራዎች አንዱ አራዳ ጊዮርጊስ ነው። መቅደሱን በሚከብበው ግድግዳ ላይ ሥዕሎቹንና ሞዛይኮቹን አሠፈረ፤ መስኮቶቹንም በቀለም መስታወት ሞላ። በኋላ አፍሪካ አዳራሽ ላይ ሲሠራ ዓለም ያወቀው ያ የመስታወት እጅ እዚህ ነው ልምምዱን ያደረገው።

ስለ መስታወቱ ትንሽ ልቆይ። በአገራችን አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ብርሃን በቁጥብነት ነው የሚገባው፤ መቅደሱ ጨለማውን ይፈልጋል። ባለቀለም መስታወት ደግሞ የአውሮፓ ካቴድራል ጠባይ ነው፤ ብርሃኑን ራሱን ሥዕል ያደርገዋል። አፈወርቅ ሁለቱን ሲያጋጥም ሰማዕቱንና መላእክቱን የሣለው በአገራችን ትልልቅ ዓይኖች ነው፤ የሰውነቱን ቅርጽና ጥላውን ግን ከለንደን ትምህርት አመጣው። ለዓይኔ አንዳንዱ ሥዕል ከገድሉ ይልቅ ወደ አደባባይ ሥዕል ያደላል፤ ጉልበቱ ይበዛል። ግን ማለዳ ላይ ፀሐይ በምሥራቅ መስኮት ገብታ ቀይና ሰማያዊ ሆና በወለሉ ላይ ስትወድቅ፣ ያንን ብርሃን ረግጠው የሚያልፉ እናቶች ነጠላ ለአፍታ ቀለም ሲነካው ላየ ሰው ይህ ሂስ ከአፉ አይወጣም።

የመንግሥቱ ዓይን ግን ወደ ሌላ ዞረ። አራት ኪሎ ላይ የቆመችው መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የአርበኞችና የቤተ መንግሥቱ ሰዎች የቀብር ቦታ ሆነች፤ ንጉሠ ነገሥቱም ለራሳቸው ያሰቡት እዚያ ነበር። አራዳ ጊዮርጊስ እንግዲህ የዘውዱ ቤት ሆኖ ብቻ ቀረ፤ ዘውዱም ከ1967 በኋላ የለም። ደርግ መጣ፣ የቤተ ክርስቲያን መሬት ተወረሰ፣ ንጉሣዊው ነገር ሁሉ ወደ ሙዚየም ገባ። የደብሩ ሙዚየም ከካቴድራሉ ወደ ሰሜን በግቢው ውስጥ ነው። የዘውዲቱና የኃይለ ሥላሴ የንግሥ ልብሶች፣ ዘውዶች፣ የእጅ መስቀሎች፣ የክብር ጥላዎች፣ የብራና ጽሑፎች እዚያ ይገኛሉ።

ከዚያ ወዲህ የተለወጠው አደባባዩ ነው። በ2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡሩ ግንባታ ሲባል የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ተነሥቶ ሄደ፤ ከተማው ሁሉ ተቆጣ፣ ብዙ ሰውም አይመለስም ብሎ ተስፋ ቆርጦ ነበር፤ በ2008 ተመለሰ። ባቡሩ ደግሞ ምኒልክ አደባባይ ላይ ሲደርስ ከመሬት በታች ይገባል፤ የሰሜኑ መስመር ማብቂያ እዚያ ነው። በየካቲት 2015 የአድዋ በዓል ዕለት በአደባባዩና በደብሩ ዙሪያ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፣ የሰው ሕይወትም ጠፋ፤ የጊዮርጊስ በዓል እየተከበረ ነበር። በቀጣዩ ዓመት፣ በየካቲት 2016፣ በጎኑ የአድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ተመረቀ፤ ከሳምንታት በኋላም ዶሮ ማነቂያና በዙሪያው የነበሩት የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች መፍረስ ጀመሩ። ጊዮርጊስን የከበቡት የእንጨት በረንዳዎች፣ የአርመን ቤቶች፣ የቡና ቤቶች ብዙዎቹ አሁን በፎቶግራፍ ናቸው። ካቴድራሉ ከዚያ ሁሉ መሃል አሮጌው ጎረቤት ሆኖ ቀርቷል።

ባለፈው ወር ሃያ ሦስት ቀን በዚያ ሳልፍ አንዲት አሮጊት በራፉ ላይ ጧፋቸውን ለማብራት ሲታገሉ አየሁ፤ ንፋሱ እያጠፋባቸው። አንድ ሻይ የሚሸጥ ልጅ ጀርባውን ለንፋሱ ሰጥቶ ክብሪት ጫረላቸው። ጧፉ ሲያያዝ እሳቸው ግድግዳውን፣ ያንን ግራጫ ድንጋይ፣ በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው ተሳለሙትና በስምንቱ ጎን መዞር ጀመሩ።